አውሬውን ማስራብ

አውሬውን ማስራብ በአሜሪካ ፖለቲካ የመንግሥትን ስፋት ለመገደብ ግብርን አስቀድሞ የመቀነስ ስልት ነው፤ ገቢ ያጠረው መንግሥት ወጪውን መቁረጡ አይቀርም ከሚል ግምት ይነሳል። ሮናልድ ሬገን እ.ኤ.አ. በ1981 መጀመሪያ ባደረጉት ንግግር፣ አባካኝ ልጅን ከመምከር የኪስ ገንዘቡን መቀነስ ይሻላል በሚል ሐሳቡን አስረድተዋል። ኢኮኖሚስቱ ሚልተን ፍሪድማንም ደግፈውታል።

ችግሩ ይህ ልጅ መበደር መቻሉ ነው። በዚያው ዓመት በወጣ ሕግ ከፍተኛው የገቢ ግብር ምጣኔ ከ70 ወደ 50 በመቶ ወረደ፤ የመከላከያ ወጪ ግን አሻቀበ። ሬገን ሥልጣን ሲለቁ የፌዴራሉ ዕዳ ወደ 3 እጥፍ ተጠግቶ ነበር። ጆርጅ ደብልዩ ቡሽም በ2001 እና በ2003 ግብር ቀንሰው ሳለ ኢራቅ ዘመቱ፤ ለአረጋውያንም የመድኃኒት ሽፋን ጨመሩ።

ጠንካራው ትችት የመጣው ከዚያው ሰፈር ነው። የሬገን የኢኮኖሚ አማካሪ የነበሩት ዊልያም ኒስካነን፣ መራጩ የአገልግሎቱን ሙሉ ዋጋ ዛሬ ካልከፈለ መንግሥት ርካሽ ይመስለዋል፤ ስለዚህ የበለጠ ይጠይቃል ሲሉ ተከራከሩ። ክርስቲና እና ዴቪድ ሮመር በ2009 ያወጡት ጥናትም የግብር ቅነሳ ወጪን እንደሚገታ ማስረጃ አላገኘም።

በጀታቸውን የማመጣጠን ግዴታ ባለባቸው ግዛቶች ቅነሳው በእርግጥ ይነክሳል። ካንሳስ በ2012 የገቢ ግብር ከቀነሰች በኋላ፣ በ2015 አንዳንድ የትምህርት ወረዳዎች ገንዘብ አጥሯቸው ዓመቱን ቀድመው ዘጉ። በ2017 ሪፐብሊካን የሚበዙበት ምክር ቤት የገዢውን የሳም ብራውንባክን ቬቶ ሽሮ አብዛኛውን ቅነሳ አነሳ።