የናሙና ፍጥነት፦ ያዘዝነው ድምፅ ለምን ሌላ ሆኖ ይወጣል?

«ሳምፕል ሬት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በድምፅ ሶፍትዌሮች ሴቲንግ ውስጥ ዘወትር የምናየው ነው። በአማርኛ «የናሙና ፍጥነት» ብንለው ይገልጸዋል። አንድ ሞገድ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ተለክቶ በቁጥር እንደሚመዘገብ፣ ወይም ከቁጥር ወደ ድምፅ ሲመለስ በሰከንድ ስንት ቁጥር እንደሚነበብ ያሳያል፤ መለኪያውም ሄርዝ ነው። «የናሙና መጠን» የሚለው አጠራር በስታትስቲክስ ለጥናት የተመረጡትን ሰዎች ወይም ዕቃዎች ብዛት ስለሚያመለክት፣ ለዚህ ጉዳይ «ፍጥነት» የሚለው ይሻላል።

ቃሉን ጠንቅቆ ማወቅ በተለይ የሚጠቅመው ኮምፒውተርን እንደ ሲግናል ጄኔሬተር ለሚጠቀም ሰው ነው። የላብራቶሪው መሣሪያ ውድ ስለሆነ የኤሌክትሮኒክስ ተማሪውም ሆነ አምፕሊፋየር ጠጋኙ ላፕቶፑ ላይ ሶፍትዌር ይጭንና ከጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ሲግናል ያወጣል። መንገዱ ጥሩ ነው፤ ግን አድካሚ ችግር አለበት። ሶፍትዌሩ ላይ 30,000 ሄርዝ ተጽፎ ሳለ ከኬብሉ ጫፍ ምንም አይገኝም፤ ወይም ያልታዘዘ ድምፅ ይወጣል። ባለሙያው ሶፍትዌሩን አጥፍቶ እንደገና ይጭናል፣ ድራይቨር ይቀይራል፣ ኬብሉን ይጠረጥራል። እንዲህ ያለው ችግር ሲገጥም መጀመሪያ መታየት ያለበት የናሙና ፍጥነት ነው።

መሠረታዊው ሕግ አጭር ነው፦ አንድ የናሙና ፍጥነት በትክክል ሊወክል የሚችለው ከራሱ ግማሽ በታች ያሉ ድግግሞሾችን ብቻ ነው። ሃሪ ናይኩዊስት በ1928 በቴሌግራፍ ላይ ባሳተመው ጥናት መሠረቱን ጣለ፤ ክሎድ ሻነን በ1949 ባሳተመው ጽሑፍ በሒሳብ አስረዳው። የሲዲ የናሙና ፍጥነት 44,100 ሄርዝ በመሆኑ ጣሪያው 22,050 ነው፤ የሰው ጆሮ ደግሞ ከ20,000 ሄርዝ ገደማ በላይ አይሰማም። 44,100 የተመረጠው ግን ለጆሮ ብቻ ተብሎ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ዲጂታል ቅጂዎች የሚቀመጡት በቪዲዮ ካሴት ላይ ስለነበር ቁጥሩ ከሁለቱ የቴሌቪዥን ሥርዓቶች ጋር መስማማት ነበረበት፦ 60 በ245 መስመር በ3 ናሙና ሲባዛ 44,100 ይሆናል፤ 50 በ294 በ3 ሲባዛም እንዲሁ። በቪዲዮ ሥራ በኩል ደግሞ 48,000 ሄርዝ ተለመደ። ዛሬ አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሁለቱም ቁጥሮች ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ አለመግባባቱም ብዙ ጊዜ ከዚህ ይነሣል።

ችግሩ የሚታይባቸው መልኮች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ሲግናሉ መጥፋቱ ነው። ዊንዶውስ የብዙ ፕሮግራሞችን ድምፅ አንድ ላይ ሲያደባልቅ ሁሉንም ለሳውንድ ካርዱ ወደተመረጠው አንድ የናሙና ፍጥነት ይለውጣል። ሶፍትዌሩ በ96,000፣ ዊንዶውስ ግን በ48,000 ከተስተካከሉ ከ24,000 ሄርዝ በላይ ያለው በለውጡ ጊዜ ተጣርቶ ይቀራል። ምንም የስህተት መልእክት አይመጣም። ብሉቱዝ ላይ ደግሞ ይብሳል፤ ብዙ የጆሮ ማዳመጫዎች ማይክሮፎናቸው ሲከፈት ወደ ስልክ ጥሪ አሠራር ተለውጠው የናሙና ፍጥነታቸው ወደ 16,000 ወይም ወደ 8,000 ይወርዳል። ያኔ የ10,000 ሄርዝ ሲግናል እንኳ አያልፍም።

ሁለተኛው ሐሰተኛ ድግግሞሽ መፈጠሩ ነው። በፊልም ላይ የመኪና ጎማ ወደ ኋላ የሚዞር መስሎ እንደሚታየው ማለት ነው። የ30,000 ሄርዝ ሞገድ በ44,100 የናሙና ፍጥነት ያለ ጥንቃቄ ከተሠራ ናሙናዎቹ ከ14,100 ሄርዝ ሞገድ አይለዩም፤ ጆሮም የሚሰማው ይህንኑ ነው። በዝቅተኛ ድግግሞሽ ብቻ የሚሠራ ሰውም ከዚህ አያመልጥም። የ5,000 ሄርዝ ካሬ ሞገድ በውስጡ 15,000፣ 25,000፣ 35,000 እያለ የሚቀጥል ጎዶሎ ብዜት አለው። ሶፍትዌሩ ከጣሪያው በላይ ያለውን ካልቆረጠ 25,000 ወደ 19,100፣ 35,000 ወደ 9,100 ሄርዝ ታጥፈው ይመለሳሉ። አምፕሊፋየሩ ሳይበላሽ የተበላሸ ይመስላል።

ሦስተኛው ቃናው መዛባቱ ነው። በ48,000 የተዘጋጁ ናሙናዎች ሳይለወጡ በ44,100 ከተነበቡ 1,000 ሄርዝ የነበረው ወደ 919 ገደማ ይወርዳል።

መፍትሔው በቅደም ተከተል መፈተሽ ነው። የሶፍትዌሩንና የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን የናሙና ፍጥነት አንድ አድርጉ፤ ሳውንድ ካርዱም ያንን ፍጥነት እንደሚቀበል አረጋግጡ። ድምፅ ያሳምራሉ የሚባሉትን ተጨማሪ ሴቲንጎች ሁሉ አጥፉ። ሶፍትዌሩ ሳውንድ ካርዱን ለብቻው እንዲይዝ የሚፈቅድ አማራጭ ካለው ምረጡት። ካርዱ ፍጥነቱን የማይችል ከሆነ በዚህ አሠራር ሶፍትዌሩ አልሠራም ብሎ ይቆማል፤ ይህም በስውር ከመለወጥ እጅግ ይሻላል። በመጨረሻም 1,000 ሄርዝ ልካችሁ ድግግሞሽ በሚያነብ መልቲሜትር ወይም በኦሲሎስኮፕ መውጫው ላይ ለኩ። ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ትእዛዛችን ነው፤ በእርግጥ የወጣውን የሚነግረን ልኬት ብቻ ነው።

ሸክሙ ሁሉ ግን በተጠቃሚው ላይ መውደቅ የለበትም። የሲግናል ጄኔሬተር ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎች የታዘዘውንና ሳውንድ ካርዱ በእርግጥ የሚሠራበትን የናሙና ፍጥነት ጎን ለጎን ሊያሳዩን፣ ከግማሹ በላይ ሲታዘዙም ሊያስጠነቅቁን ይገባል። እኛም እርዳታ ስንጠይቅ «ሶፍትዌሩ አይሠራም» ከማለት ይልቅ እንዲህ ብንል መልስ ቶሎ እናገኛለን፦ «የሶፍትዌሩ የናሙና ፍጥነት 96,000፣ የዊንዶውሱ 48,000 ነው፤ 30,000 ሄርዝ ሳዝዝ መውጫው ላይ ምንም አላገኝም።»