«በርቱ» ብቻውን አይመሰክርም

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሐይቅ ከተማ የደረሰ መንገደኛ ዓሣ ሳይቀምስ ቢያልፍ ይቆጨዋል። እኔም ቀምሼ ሒሳቤን ስከፍል የምግብ ቤቱ ባለቤት አንድ ወፍራም መዝገብ አቀረበችልኝ።

«ጋሼ፣ እስቲ እርስዎም አንድ ቃል ይጻፉልን።»

ገለጥኩት። «መስተንግዶው በጣም ጥሩ ነው፤ በርቱ» ይላል። ቀጥሎ «በርቱ»፣ ዝቅ ብሎ «በጣም በርቱ»።

«ይህ ሁሉ ሰው አመስግኖኝ፣ ለአዲስ እንግዳ ባሳየው የሚያምነኝ የለም» አለች እየሳቀች። ሳቋ ግን ከልብ አልነበረም።

ነገሩ የገረመኝ በቦታው ነው። ምስክርነትን በጽሑፍ ማኖር ለሐይቅ እንግዳ አይደለምና።

ከከተማዋ አጠገብ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት። በ13ኛው መቶ ዓመት (እ.ኤ.አ.) የገዳሙ መምህር የነበሩት አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1273 ዓ.ም. ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል። በዚህ ወንጌል ላይ ስለ ገዳሙ ልዩ ልዩ ማስታወሻዎች ተጽፈዋል። ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ሐይቅ አበምኔቶች ባሳተሙት ጥናት በእነዚሁ ማስታወሻዎች ተጠቅመዋል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ማለት ይህ ነው።

እንዲህ ያለውን ነገር በወንጌል ላይ ማስፈር በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ወንጌል ተጠብቆ ይኖራል፤ በእርሱ ላይ ሐሰት ማስጻፍም ያስፈራል። የመሬት ስጦታ ሲጻፍ ሰጪው፣ ተቀባዩና መሬቱ በስም ይጠራሉ፤ በዚያ ጊዜ በሹመት የነበሩት ሰዎች በምስክርነት ይቆጠራሉ፤ በመጨረሻም ቃሉን የሚያፈርስ ይወገዛል።

ይኸው ልማድ ወደ ገበያም ወርዷል። በ18ኛው መቶ ዓመት (እ.ኤ.አ.) በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ላይ የተጻፉትን የመሬት ሽያጭ ውሎች ያየ ሰው፣ ማን ለማን እንደሸጠ፣ በስንት ወቄት ወርቅ እንደሸጠ፣ ዋሱና ምስክሮቹ እነማን እንደነበሩ ያነባል። «መልካም ሽያጭ ነበር» የሚል ሙገሳ አይፈልግም። ነገ ክርክር ቢነሣ ሙገሳ ዳኛ ፊት አይቆምም፤ ስምና ቁጥር ግን ይቆማል።

ለንግድ ቤት የሚጻፍ ምስክርነትም ከዚህ አይርቅም። የሚያነበው ሰው ገንዘቡን ይዞ የሚያመነታ ዳኛ ነው። ማን እንደመሰከረ፣ መቼ እንደመጣ፣ ምን አዝዞ ምን እንዳገኘ፣ ምን እንደከፈለ ማወቅ ይፈልጋል። ጉድለት ካለም ይነገረው፤ ጉድለቱን ያልሸሸገ ምስክር ሲያመሰግን ይታመናል።

ብዕሬን አነሣሁ። ቅዳሜ ቀትር ላይ ከሁለት ወዳጆቼ ጋር መምጣቴን፣ ዓሣው ትኩስና በደንብ የተጠበሰ መሆኑን፣ የከፈልነውን ዋጋ ጻፍኩ። ግማሽ ሰዓት አስጠብቃናለች፤ እንደሚዘገይ ግን ገና ስናዝዝ ነግራናለች። ይህንንም ጨምሬ ሙሉ ስሜንና ቀኑን ከሥር አሰፈርኩ።

አነበበችው። «ይቺን 'አስጠበቀችን' የምትለዋን ቢተዉልኝስ?»

«ሌላውን የምታሳምንልሽ እሷ ናት» አልኳት።

ጥቂት አሰበች። «እንግዲያው ትቆይ፤ ለነገሩ እውነት ነው» ብላ መዝገቡን ወደ ሌላው ጠረጴዛ ይዛ ሄደች።