ኪኔሲን

ኪኔሲን በሕዋስ ውስጥ ጭነት የሚያመላልስ የሞተር ፕሮቲን ነው። ኤቲፒ የተባለውን የሕዋስ ነዳጅ ሞለኪውል እየሰነጠቀ ጉልበት ያገኛል፤ የሚሄደውም የሕዋሱ አጽም ክፍል በሆኑት፣ 25 ናኖሜትር ያህል ውፍረት ባላቸው ማይክሮቲዩቡል የሚባሉ ቱቦዎች ላይ ነው። አብዛኞቹ የኪኔሲን ዓይነቶች ከሕዋሱ መሐል ወደ ዳር ያቀናሉ፤ የመልሱን ጉዞ በዋናነት የሚሠራው ዳይኒን የተባለው ሌላ ሞተር ነው። በሰው ልጅ ውስጥ 45 የኪኔሲን ጂኖች ተለይተዋል። ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው በነርቭ ላይ ነው። ከአከርካሪ ተነስቶ እግር ድረስ የሚዘረጋ አክሰን (የነርቭ ሕዋስ ረጅም ክር) አንድ ሜትር ገደማ ሊረዝም ስለሚችል፣ ያለ ሞተር ጭነቱ ከጫፍ ለመድረስ የሰው ዕድሜ አይበቃውም።

የግኝቱ ታሪክ ከአንድ ቡድን በላይ ባለቤት አለው። ዋናው ሥራ የተከናወነው በማሳቹሴትስ፣ ዉድስ ሆል በሚገኘው የባሕር ሥነ ሕይወት ቤተ ሙከራ፣ በስኩዊድ ግዙፍ አክሰን ላይ ነበር። ይህ አክሰን እስከ 1 ሚሊሜትር ስለሚወፍር ውስጡ ያለው ዝልግልግ ነገር እንደ ጥርስ ሳሙና ተጨምቆ ይወጣል፤ ከወጣም በኋላ ጭነት የያዙት ጥቃቅን ከረጢቶች መጓዛቸውን አያቆሙም። ይህን ብሬዲ፣ ላሴክና አለን እ.ኤ.አ. በ1982 አሳዩ። በ1985 ላሴክና ብሬዲ ኤቲፒን የሚመስል፣ ነገር ግን በቀላሉ የማይሰነጠቅ ውህድ ሲጨምሩበት ከረጢቶቹ ከማይክሮቲዩቡሉ ጋር ተጣብቀው ቀሩ። ሞተሩን አጥምዶ ለመለየት መንገድ የከፈተው ይህ ምልከታ ነው። በዚያው ዓመት ብሬዲ ከጫጩት አንጎል ተመሳሳይ ባሕርይ ያለው ኤቲፒ ሰንጣቂ ፕሮቲን ማግኘቱን አስታወቀ፤ ሮናልድ ቬል፣ ቶማስ ሪስና ማይክል ሺትስ ደግሞ ፕሮቲኑን ከስኩዊድና ከከብት አንጎል ለይተው፣ ማይክሮቲዩቡሎችን በመስታወት ላይ ሲያንሸራትት አሳዩና ኪኔሲን ብለው ሰየሙት። ስያሜውና የእንቅስቃሴው ማስረጃ የእነ ቬል መሆኑ አያከራክርም፤ የማጥመጃው ዘዴ ግን የእነ ብሬዲ ስለሆነ ግኝቱን ለአንድ ወገን ብቻ መስጠት ፍትሐዊ አይመስልም። በ2012 ቬል፣ ሺትስና ማዮሲን በተባለው የጡንቻ ሞተር ላይ ባደረገው ጥናት የታወቀው ጄምስ ስፑዲች የላስከርን ሽልማት ተጋርተዋል።

በ1993 ስቮቦዳ፣ ብሎክና ባልደረቦቻቸው በሌዘር ጨረር በተያዘች ደቃቅ ዶቃ አማካይነት ኪኔሲን በየእርምጃው 8 ናኖሜትር እንደሚራመድ ለኩ። ይህ ርቀት ከማይክሮቲዩቡሉ የግንባታ አሃድ ርዝመት ጋር እኩል ነው። አንድ ሞለኪውል ከ5 እስከ 7 ፒኮኒውተን የሚደርስ ተቃራኒ ኃይል ይቋቋማል። ማይክሮቲዩቡሉን የሚረግጡት የኪኔሲን ሁለት እግሮች ተራ በተራ እየተቀዳደሙ ይሄዳሉ ወይስ አንዱ ሁልጊዜ ይመራል የሚለው ክርክር ለዓመታት ቆይቷል። በ2004 ይልድዝ፣ ቶሚሺጌ፣ ቬልና ሴልቪን በአንዱ እግር ላይ ቀለም አጣብቀው ሲከታተሉ፣ ቀለሙ በአንድ ጊዜ 17 ናኖሜትር ያህል ይዘልና በቀጣዩ እርምጃ ባለበት ይቆም ነበር፤ ይህም ተራ በተራ መራመዱን አጸና።

ኪኔሲን የሊፒድ (የስብ) ሽፋንን እንዴት እንደሚጎትት ማጥናት በኋላ የተጨመረ ዘርፍ ነው። በ2002 የፓሪስ፣ በ2003 ደግሞ የአምስተርዳም ተመራማሪዎች ኪኔሲን ያጣበቁባቸውን ሰው ሠራሽ የሊፒድ ከረጢቶች በማይክሮቲዩቡሎች ላይ ሲያኖሩ፣ ከረጢቶቹ ቀጫጭን ቱቦ አወጡ። ሽፋኑን ለመጎተት የሚያስፈልገው ኃይል ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሞተር አቅም ስለሚበልጥ፣ ቱቦው የሚወጣው ብዙ ሞተሮች ጫፉ ላይ ሲተባበሩ ነው።

የኪኔሲን ጉድለት ለበሽታም ይዳርጋል፦ ኬአይኤፍ5ኤ በተባለው የኪኔሲን ጂን ላይ የሚከሰት ለውጥ እግርን የሚያገትር አንድ በዘር የሚተላለፍ ሕመም ያስከትላል፤ በ2018 ደግሞ ጂኑ ኤኤልኤስ ከሚባለው የነርቭ በሽታ ጋር ያለው ትስስር ተረጋግጧል።