የአበባ ቅጠል ለምን ጠርዙ ይቃጠላል? በጂቡቲ ከተማ መድኃኒት ከመርጨት በፊት ሊታዩ የሚገባቸው ምልክቶች

በጂቡቲ ከተማ የግንብ አጥር ላይ የተንጠለጠለ ቡጋንቪሊያ ከሩቅ ዓይን ይስባል። ከሥሩ የተተከለውን ሂቢስከስ ቀረብ ብሎ ለሚመለከት ግን፣ በተለይ በሞቃቱ ወቅት፣ የቅጠሎቹ ጠርዝ እሳት እንደነካው ወረቀት ቡናማ ሆኖ ይገኛል። ብዙ ባለቤቶች ይህን ሲያዩ በሽታ መስሏቸው ወደ ፀረ ተባይ መድኃኒት ይሮጣሉ። በዚህች ከተማ ግን ቀድሞ መመርመር ያለበት ውሃው ነው።

በአዲስ አበባ አበባ ያሳደገ ሰው የቅጠል ጉዳትን ከክረምቱ ዝናብና ከፈንገስ ጋር ማያያዙ አያስገርምም። በጽጌረዳ ላይ የሚወጣው ጥቁር ነጠብጣብ ለመስፋፋት እርጥብ ቅጠል ይፈልጋልና። በጂቡቲ ከተማ የዓመቱ ዝናብ ከ200 ሚሊ ሜትር በታች ነው። በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል፤ ካምሲን የሚባለው ደረቅና አሸዋ ያዘለ ነፋስም ከምዕራብ ይነፍሳል። ስለዚህ በደጋ የተለመደው ግምት እዚህ ብዙ ጊዜ ያሳስታል።

ቀዳሚው ተጠርጣሪ፦ ጨው

ከተማዋ ለረጅም ጊዜ የኖረችው በአካባቢዋ በተቆፈሩ ጉድጓዶች ውሃ ነው። ጉድጓዶቹ ለባሕር ቅርብ በመሆናቸውና ብዙ ውሃ ስለተሳበባቸው ውሃቸው ጨዋማ ነው። እ.አ.አ. በ2017 ከኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ከሐደጋላ የተዘረጋው የውሃ መስመር ሥራ ጀመረ፤ በ2021 ደግሞ በቀን 22,500 ሜትር ኩብ የባሕር ውሃ የሚያጣራው የዶራሌ ጣቢያ ተመረቀ። ይሁንና ባለፉት ዓመታት በጓሮ አፈር ውስጥ የተከማቸው ጨው በራሱ አይጠፋም። አጥቦ የሚወስደው ዝናብም ጥቂት ነው።

ተክል ውሃ ሲስብ አብዛኛውን ጨው አፈሩ ውስጥ ይተዋል፤ ወደ ውስጥ የገባው ደግሞ ከውሃው ጋር ተጉዞ በቅጠሉ ጫፍና ጠርዝ ይጠራቀማል። ቃጠሎው ከዚያ የሚጀምረው ለዚህ ነው። ጽጌረዳ ጨው አይችልም፤ ቡጋንቪሊያና ኦሊያንደር የተሻለ ይቋቋማሉ።

ምልክቶቹን መለየት

የጨው ጉዳት ቀስ በቀስ፣ ከታችኞቹ አሮጌ ቅጠሎች ይጀምራል። በአፈሩ ላይ ወይም በማሰሮው ከንፈር ላይ ነጭ ቅርፊት ከታየ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

የነፋስና የፀሐይ ቃጠሎ ድንገተኛ ነው። ከአንድ ከባድ ቀን በኋላ ነፋስ ወይም ፀሐይ በሚያገኘው ወገን ብቻ ይታያል፤ ሙቀቱ ሲበርድም አይስፋፋም።

አዳዲሶቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው የደም ሥሮቻቸው ብቻ አረንጓዴ ከሆኑ ችግሩ የብረት እጥረት ሊሆን ይችላል። የድሮዋ ከተማ ያረፈችባቸው አምባዎች ከኮራል የተፈጠሩ ናቸው። እንዲህ ባለው ኖራ የበዛበት አፈር ብረት ቢኖርም ሥሩ ሊወስደው አይችልም። በአንጻሩ አሮጌዎቹ ቅጠሎች ሙሉ በሙሉ ቢጫ ከሆኑ የናይትሮጅን እጥረት ይጠረጠራል።

አፈሩ ረጥቦ ሳለ ተክሉ ከጠወለገ ሥሩ እየበሰበሰ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ውሃ መጨመር ጉዳቱን ያባብሰዋል።

ውሃን በጥበብ መጠቀም

ጨው የሚወገደው በመታጠብ ብቻ ነው። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማጠጣት የላይኛውን አፈር ብቻ አርሶ ይተናል፣ ጨውንም ከሥሩ አጠገብ ያስቀራል። ቀናት እያሳለፉ በጥልቀት ማጠጣት ግን ጨውን ወደ ታች ይገፋል። በማሰሮ ላለ ተክል በወር አንድ ጊዜ የማሰሮውን ይዘት እጥፍ የሚሆን ውሃ ቀስ ብሎ ማፍሰስና ከታች የወጣውን መድፋት ይጠቅማል። ማሰሮው ቀዳዳ ከሌለው ይህ ሁሉ ከንቱ ነው።

ውሃ በተወደደበት ከተማ ለዚህ ሥራ የሚሆን ምንጭ በየቤቱ አለ፤ ከአየር ማቀዝቀዣ የሚንጠባጠበው ውሃ። ከአየር እርጥበት የተገኘ በመሆኑ ጨው የለውም ማለት ይቻላል። በባልዲ ተጠራቅሞ ለጽጌረዳና ለሂቢስከስ ቢሰጥ ልዩነቱ በአዲሶቹ ቅጠሎች ላይ ይታያል።

ጨዋማ ውሃን በቅጠል ላይ መርጨት አይገባም፤ ቅጠሉ ራሱ ጨውን ይመጣልና። አፈሩን በደረቅ ቅጠል መጎዝጎዝ ትነትን ይቀንሳል። ያልበሰለ ፍግ ግን የራሱ ጨው ስላለው ችግሩን ሊጨምር ይችላል። ለብረት እጥረት ኖራማ አፈር የሚቋቋመውን ኤዲዲኤችኤ የተባለ የብረት ኬሌት መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ሌሎቹ ዓይነቶች በእንዲህ ያለ አፈር ቶሎ ዋጋ ያጣሉ።

ተባይ ሲሆን

ሙቀትና አቧራ ቀይ ሸረሪት ለሚባለው ደቂቅ ተባይ ይመቹታል። ቅጠሉ በጥቃቅን ነጭ ነጥቦች ይሞላል፤ ከሥሩ ስስ ድር ይታያል። ነጭ ወረቀት ከታች ይዞ ቅጠሉን መታ መታ ማድረግ ተባዩን ያጋልጣል፤ የሚንቀሳቀሱ ነጥቦች ወረቀቱ ላይ ይረግፋሉ። በሂቢስከስ ላይ ደግሞ ነጭ ዝንብና ጥጥ የመሰለ ሽፋን ያለው ተባይ፣ በኦሊያንደር ላይ ቢጫ ክሽክሽ ይከሰታሉ።

በመጀመሪያ የቅጠሉን ጀርባ ጨው በሌለው ውሃ በኃይል ማጠብ ይበቃ ይሆናል። ካልበቃ በ1 ሊትር ውሃ 10 ሚሊ ሊትር ገደማ ተራ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጦ ምሽት ላይ መርጨት ይቻላል። የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ቅጠል ያቃጥላል። ማዕድን የበዛበት ውሃም የሳሙናውን ኃይል ስለሚቀንስ እዚህም የአየር ማቀዝቀዣው ውሃ ይመረጣል። አስቀድሞ በጥቂት ቅጠሎች ላይ ሞክሮ አንድ ቀን መጠበቅ፣ ከዚያም በሳምንቱ መድገም ተገቢ ነው። ኃይለኛ ፀረ ተባይ ግን ቀይ ሸረሪትን የሚበሉትን ነፍሳት ስለሚገድል ተባዩን ሊያበዛው ይችላል።

ኦሊያንደርን ሲገርዙ ጓንት ማድረግ ግዴታ ነው። ሁሉም የተክሉ ክፍል መርዝ ነው፤ ጭሱም ይጎዳል። የተቆረጠውን መንገድ ላይ መጣል በየሰፈሩ ለሚዘዋወሩ ፍየሎች ሞት ሊሆን ይችላል።

የተቃጠለ ቅጠል ተመልሶ አይለመልምም። ሕክምናው መሥራቱ የሚታወቀው ከሳምንታት በኋላ በሚወጡት አዳዲስ ቅጠሎች ነው። እስከዚያው ግማሽ ጤነኛ የሆኑትን ቅጠሎች አለመቁረጥ ይመከራል፤ ተክሉን አሁንም እየመገቡት ነውና።