ጆርጅ ለንደን፤ የጥፋተኛ ነገሥታት ድምፅ

ኦፔራ ሲነሳ ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚሉን እንደ ፓቫሮቲ ያሉት ቴነሮች ናቸው። እኔ ግን የማደላው ለወፍራሞቹ ድምፆች ነው። በገና እየሰማ ላደገ ጆሮ ይህ የሚገርም አይመስለኝም። ከእነሱም መካከል ጆርጅ ለንደንን የሚያህልብኝ የለም።

በቅድሚያ ስለ ድምፁ ዓይነት። የወንዶች የኦፔራ ድምፅ በጥቅሉ በሦስት ይከፈላል፤ ከፍተኛው ቴነር፣ መካከለኛው ባሪቶን፣ ዝቅተኛው ባስ ይባላል። ባስ ባሪቶን የባሱን ጥልቀት ከባሪቶኑ ከፍታ ጋር አጣምሮ የያዘ ነው። የኦፔራ ዘፋኝ በማይክሮፎን አይታገዝም። ድምፁን አዳራሹ ጥግ የሚያደርሰውም ጩኸት አይደለም፤ በሥልጠና 3,000 ኸርዝ አካባቢ የሚያጠራቅመው ኃይል ነው። ኦርኬስትራው እዚያ ላይ ደከም ስለሚል የዘፋኙ ድምፅ ጎልቶ ይሰማል።

ለንደን እ.ኤ.አ. በ1920 በካናዳ ሞንትሪያል ተወልዶ በአሜሪካ ሎስ አንጀለስ አደገ። በ1949 በቪየና ስቴት ኦፔራ፣ በ1951 ደግሞ በኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ የተጫወተው አንድ ዓይነት ገጸ ባሕርይ ነበር፤ በቬርዲ «አይዳ» ውስጥ ያለውን የኢትዮጵያ ንጉሥ አሞናስሮን። በዚያው በ1951 የዋግነር መዲና የሆነችው ባይሮይት ከጦርነቱ በኋላ ፌስቲቫሏን ስትከፍት፣ በ«ፓርሲፋል» ቁስሉ የማይሽረውን ንጉሥ አምፎርታስን ዘፈነ። ባይሮይት ሂትለር አብዝቶ የሚወዳት መድረክ ነበረች፤ ለንደን ደግሞ ከሩሲያ የፈለሰ የአይሁድ ቤተሰብ ልጅ ነው። ያን ስቃይ ከእሱ አፍ መስማት ተራ ነገር አልነበረም።

ሕግ የተማረ ሰው እንደመሆኔ ይበልጥ የሚይዘኝ የሙሶርግስኪው «ቦሪስ ጎዱኖቭ» ነው። ታሪክ ጸሐፊዎች ሕፃኑን ልዑል ዲሚትሪን ያስገደለው ቦሪስ ስለመሆኑ አይስማሙም። በኦፔራው ውስጥ ግን ጥፋተኛ ነው፤ ከሳሹም፣ ምስክሩም፣ ዳኛውም የገዛ ህሊናው ነው። ለንደን ይህን ሲዘፍን አይጮህም። ድምፁ መጀመሪያ የገዢ ግርማ አለው፤ ቀስ በቀስ ይሰነጠቃል፤ በመጨረሻ የምንሰማው ንጉሥ ሳይሆን የፈራ አባት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960፣ የአሜሪካ የስለላ አውሮፕላን በሶቪየት ሰማይ ላይ ተመቶ በወደቀ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በሞስኮው ቦልሾይ ቦሪስን የዘፈነ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ሆነ።

ክፋትንም ያውቅበታል። በፑቺኒ «ቶስካ» የሮማው ፖሊስ አዛዥ ስካርፒያ ሥልጣኑን መነገጃ ያደርጋል። ለንደን በ1956 ከማሪያ ካላስ ጋር በአሜሪካ ቴሌቪዥን ላይ ሲጫወተው ፊልሙ ቀርቷል። የሚያስፈራው ቁጣው ሳይሆን ጨዋነቱ ነው። ሕግን በጨዋ አንደበት የሚረግጥ ባለሥልጣን አይቶ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይገባዋል።

ጀማሪ አድማጭ ከየት ይጀምር ቢባል፣ በ1958 በጆርጅ ሾልቲ መሪነት የተቀረጸውን «ዳስ ራይንጎልድ» እጠቁማለሁ። እዚያ ለንደን ዎታን የተባለው አምላክ ነው፤ ቤተ መንግሥት አሠርቶ ዋጋውን በውሉ መሠረት ለመክፈል የሚያቅማማ አምላክ።

ድምፁ ግን አልዘለቀም። በ1960ዎቹ፣ ገና በአርባዎቹ ዕድሜው ሳለ፣ አንዱ የድምፅ አውታሩ ሽባ ሆነበትና መድረኩን ለቀቀ። እሱ ግን ከሙያው አልወጣም። ወጣት ዘፋኞችን ማገዝ ያዘ፤ በ1975 በሲያትል የዋግነርን «ሪንግ» አዘጋጀ፤ በዚያው ዓመት የዋሽንግተን ኦፔራን መምራት ጀመረ። በ1977 የልብ ድካም ከሥራ ውጭ አደረገው፤ በ1985 አረፈ። በስሙ የተቋቋመው ፋውንዴሽን የአሜሪካና የካናዳ ወጣት ዘፋኞችን ሲሸልም ቆይቷል።

ለእኔ ትልቅነቱ እዚህም ላይ ነው። መዝፈን ሲያቅተው የሌሎችን ድምፅ ማሳደግ ሥራዬ ብሎ ያዘ። የራሱን ድምፅ ደግሞ ቅጂዎቹ ጠብቀውታል፤ ማዳመጥ የእኛ ፋንታ ነው።