የደጋው እርከንና የመንግሥት ስንዴ

በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች የተራራ ማሳን ከጎርፍ መታደግ ትልቅ የመንግሥት ሥራ የሆነው ከ1966ቱ የወሎና የትግራይ ረሃብ በኋላ ነው። እርከን ራሱ ግን የቆየ ጥበብ ነው። የኮንሶ ገበሬዎች ከ400 ዓመት በላይ ድንጋይ እየካቡ ተዳፋቱን ሲያርሱ የኖሩት ያለ ማንም ትእዛዝ ነው።

ለመንግሥት መንገድ የከፈተው የየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ነበር። በአዋጁ የተቋቋሙት የገበሬ ማኅበራት በየቀበሌው ሕዝብ አስተባብረው ለሥራ ማውጣት ቻሉ። እ.ኤ.አ. በ1980 ደግሞ በዓለም የምግብ ፕሮግራም የሚደገፈው ሰፊ ሥራ ተጀመረ፤ ለአንድ ቀን ሥራ የሚሰፈረው 3 ኪሎ እህልና 120 ግራም ዘይት ነበር። ድንጋይ ባለበት ካብ ይካባል፤ በሌለበት ቦይ ተቆፍሮ አፈሩ ወደ ላይኛው ወገን ይቆለላል። ጎርፉ ያመጣው ደለል ከክትሩ ጀርባ እየተኛ ከዓመታት በኋላ ማሳው ደልደል ይላል።

የተሠራው ብዙ ነው፤ የገበሬው ቅሬታም ብዙ ነበር፣ ተገቢም ነበር። ካቡ ከጠባቡ ማሳ ላይ ቦታ ይወስዳል፤ ጥማድ በሬ ማዞሪያ ያጣል፤ በድንጋዩ ውስጥ አይጥ ይራባል። ዝናብ በሚበዛበት አገር ውሃው ከክትሩ ላይ ተኝቶ ሰብሉን ያበላሻል። እ.ኤ.አ. በ1981 ከስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር የተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ለዚህ ማስረጃ አመጣ። በወሎ ማይባር፣ በሸዋ አንዲት ጥድ፣ በጎጃም አንጀኒና በሌሎችም ጣቢያዎች ዝናቡና ጎርፉ የሚያጥበው አፈር ዓመት ከዓመት ተለካ። ለደረቁ ወሎ የሚበጀው እርከን ለእርጥቡ ጎጃም እንዳለ እንደማይሆን፣ እዚያ ትርፉን ውሃ የሚያስወጣ ተዳፋት ያለው ቦይ እንደሚያስፈልግ ታወቀ።

ከሁሉ የከፋው ግን ገበሬው አለመጠየቁ ነው። ተራራው ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ ሲደረግ ሣሩን ማን እንደሚያጭድ፣ ዛፉን ማን እንደሚቆርጥ አልተነገረውም። መሬት በየጊዜው እየተሸነሸነ ሲከፋፈል ዛሬ የካበው ሰው ነገ ማሳው ስለ መቆየቱ ዋስትና አልነበረውም። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ በብዙ ቦታ እርከኑ ፈረሰ፣ የተተከለውም ዛፍ ተቆረጠ። ይህን የገበሬው አለማወቅ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡት ፕሮግራሞች ከዚህ ተምረዋል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረው ሴፍቲኔት ለምግብ እጥረት የተጋለጡ ቤተሰቦችን በጥሬ ገንዘብ ወይም በእህል እየከፈለ የተፋሰስ ሥራ ያሠራል። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ተሰጠ፤ የተከለለው ተራራ ሣርም በብዙ ቦታ ለአካባቢው ሰው እየታጨደ ይከፋፈል ጀመር። ከአዝመራ በኋላ በበጋ የሚጠራው የነፃ ጉልበት ዘመቻ ግን ከላይ በሚወርድ ኮታ የሚመራበት ቦታ አለ። ሰብል ሲሰበሰብ የሚለቀቀው ልቅ ግጦሽም አዲሱን እርከን ያፈርሳል፤ ለዚህ መፍትሔ የተገኘው ነዋሪው ራሱ ተስማምቶ ደንብ ባወጣባቸው ተፋሰሶች ነው።