የዳሞቱ ፋሲል እባብ

በፎገራ ሜዳ ተወልዶ ያደገ ልጅ እባብን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልገውም። ክረምት ገብቶ ርብና ጉማራ ከዳርቻቸው ወጥተው ሜዳው ባሕር ሲመስል፥ ጕድጓዱን ውሃ የሞላበት ፍጥረት ሁሉ ደረቅ ቦታ ፍለጋ ይወጣል። ደረቁ ቦታ ደግሞ ቤታችንና የጭድ ክምራችን ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፉ ብዙ ሕዝብ ከቀዬው ያፈናቀለበትን ጊዜ ወላጆቻችን ገና አልረሱትም። ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ሩዝ ለሜዳችን ዋና ሰብል ሆኗል፤ የሩዝ ክምር ባለበት አይጥ አይጠፋም፥ አይጥ ባለበትም እባብ መምጣቱ አይቀርም።

ባለፈው ክረምት አንድ ማታ ከጎታችን ሥር እባብ ተገኘ። አባቴ ዱላ አንሥቶ ሲጠጋው ተጠቅልሎ ራሱን በገላው መካከል ሸሸገ፤ ዱላው ሲነካው ግን ብድግ ብሎ ሁለት ጊዜ ዱላውን ነደፈ። እኛ ልጆች መደብ ላይ ወጥተን ጮኽን። አያቴ ግን ከተቀመጠችበት ሳትነሣ፥ «ተው ልጄ፥ በሩን ክፈትለትና ዘወር በል። እሱም እንዳንተው ፈርቷል» አለችው። አባቴ በእናቱ ቃል ተቈጥቶም ቢሆን ታዘዘ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የአያቴ ቃል ከሐሳቤ አልወጣም። እባብ ይፈራልን? በታሪክስ እባብን በቤቱ ያኖረ፥ በእጁም የያዘ ሰው ነበርን? የታሪክ መምህራችን ለዚህ መጽሔት ጽሑፍ እንድናቀርብ ባዘዙን ጊዜ ይህን ልመረምር ተነሣሁ።

በአገራችን የቀድሞ ተረክ እባብ በመጀመሪያ የሚታየው ንጉሥ ሆኖ ነው። አርዌ የተባለው ዘንዶ 400 ዓመት እንደ ነገሠ፥ ሕዝቡም ፍየልና ልጃገረድ ይገብርለት እንደ ነበረ፥ በኋላም አንጋቦ የተባለ ሰው እንደ ገደለው ይነገራል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ ግን ሌላ ዘንዶ እናያለን፤ አቡነ አረጋዊ በ6ኛው መቶ ዓመት ወደ ደብረ ዳሞ አምባ ሲወጡ ጅራቱን ይዘው የተሳቡበት ነው። አንደኛው ተገደለ፥ ሁለተኛው አገለገለ። ስለ ሁለቱ ከዚህ የበለጠ አልጽፍም፤ የምፈልገው የእውነተኛውን እባብ ጠባይ ነውና።

በጣም የቈየው ወሬ የሚገኘው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው መቶ ዓመት በነበረው በግሪካዊው በዲዮዶሮስ መጽሐፍ ነው። በግብፅ በነገሠው በዳግማዊ ጰጥሎሜዎስ ዘመን (ከክ.ል.በ. 285–246) አዳኞች ከኢትዮጵያ ትልቅ ዘንዶ በሕይወቱ ወደ እስክንድርያ ወሰዱ ይላል። ግሪኮች ኢትዮጵያ ሲሉ ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን አገር ሁሉ ማለታቸው ስለ ነበረ፥ ዘንዶው የእኛ ነው ብዬ አልከራከርም። ርዝመቱ 30 ክንድ ነበረ ማለቱንም አላምንም፤ ይህ ከ13 ሜትር በላይ ይሆናል፥ የአፍሪካ ዘንዶ ግን 6 ሜትር ማለፉ እንኳ እጅግ ብርቅ ነው። የአያያዙ ነገር ግን ከልብ የሚነበብ ነው። አዳኞቹ በመጀመሪያ በገመድ ሊይዙት ሞክረው ሁለት ሰው ገደለባቸው። በሁለተኛው ጊዜ ብልኀት አገኙ። ዘንዶው ለአደን ሲወጣ ጠብቀው ጕድጓዱን በድንጋይ ደፈኑ፤ በአጠገቡም ሌላ ጕድጓድ ቈፍረው ከወፍራም ሸምበቆ የተሠራ፥ ዓሣ ማጥመጃ የሚመስል ትልቅ ቅርጫት አስገቡበት። ሲመለስ ፈረሰኞች፥ ቀስተኞችና መለከት ነፊዎች ከበው ጮኹበት። ዘንዶው ወደ ቤቱ ሸሸ፤ ቤቱ ተዘግቶ ቢያገኘው ወደ ቅርጫቱ ገባ፥ ታሰረም። በእስክንድርያም ምግቡን እየቀነሱ ጥቂት በጥቂት አለዘቡት፤ ንጉሡም ለእንግዶቹ ያሳየው ነበር።

ዲዮዶሮስ ይህን የጻፈው የሰውን ጥበብ ለማድነቅ ነው። እኔ ግን ሳነበው ሌላ ነገር ታየኝ። ያ ሁለት ሰው የገደለ ዘንዶ ጩኸት ሲሰማ ያደረገው ነገር ቢኖር ወደ ቤቱ መሸሽ ብቻ ነው። በረኃብ ገራ የተባለውም እንደ እውነቱ ከሆነ የደከመ እንጂ የተላመደ አይመስለኝም።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1770) ጎንደር ገባ። በዚያው ዓመት ከጎንደር በጣና ምሥራቅ ዳርቻ ወደ ጢስ ዓባይ ሲወርድ በዚሁ በእኛ ሜዳ በኩል አልፏል። በሁለተኛው ጕዞው፥ በኅዳር 1770 በፈረንጆች አቈጣጠር፥ በሌላው በኩል ዞሮ ሰከላ ውስጥ ግሽ ዓባይ ደረሰ። ስለ አገው ሕዝብ ልማድ ብዙ ነገር ጻፈ፤ ከጻፈውም አንዱ ስለ እባብ ነው። ሰዎቹ ለመንገድ ወይም ለሌላ ጕዳይ ሲነሡ እባቡን ከጕድጓዱ አውጥተው ቅቤና ወተት ያቀርቡለታል፤ ከበላ ደኅና፥ እምቢ ካለ ግን ክፉ ነገር ቀርቧል ማለት ነው። ጠላት ሊመጣ ሲልም እባቦቹ ሁሉ ከአገሩ ይጠፋሉ ይባላል።

ቀጥሎ የሚነግረን የዳሞትና የአገው ገዥ ስለ ነበረው ስለ ፋሲል ነው። ይህ ፋሲል ከራስ ሚካኤል ስሑል ጋር በፋግታ የተዋጋ፥ ተሸንፎም እንደ ገና የተነሣ፥ ብልኀተኛ የጦር ሰው ነበር። ብሩስ ራሱ በሰፈሩ ተገኝቶ አነጋግሮታል። እንዲህ ያለው ሰው በቤቱ የሚያኖረው እባብ ምግብ እምቢ ካለ ከቤቱ አይወጣም፥ ፈረሱም ላይ አይቀመጥም ነበር ይላል። እዚህ ላይ መጠንቀቅ አለብን፤ ብሩስ ይህን «ይባላል» ብሎ ጻፈው እንጂ እባቡን አየሁ አላለም። መጽሐፉንም ያሳተመው ከ20 ዓመት በኋላ በ1790 ነው።

ይሁን እንጂ ወሬው እውነት ነው ብንል፥ ያ እባብ ለምን እምቢ ይል ነበር?

የመጀመሪያው ምክንያት ምግቡ ራሱ ነው። እባብ የሚበላው አይጥ፥ ጓጕንቸር፥ ወፍና ይህን የመሰለ ሥጋ ነው። ወተት ምግቡ አይደለም፤ ውሃ አጥቶ እጅግ ከጠማው ግን ይጠጣው ይሆናል። ሁለተኛው ብርድ ነው። የእባብ ገላ እንደ እኛ ራሱን አያሞቅም፤ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በሰከላ በኅዳር ማለዳ የበረደው እባብ መብላት አይችልም፥ ቢበላም ሆዱ አይፈጭለትም። ደግሞም ቆዳውን ሊለውጥ ሲል ዓይኑ ነጭ ደመና ይለብስና አጥርቶ ስለማያይ ይሸሸጋል፥ ምግብም አይነካም። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ፍርሀት ነው። እባብ የውጭ ጆሮ የለውም፤ የመሬትን መንቀጥቀጥ ግን በመንጋጋው አጥንት በኩል ያውቃል። እንግዲህ የፋሲልን ሰፈር አስቡት። የዘመቻ ቀን ነጋሪት ይጎሰማል፥ በሺሕ የሚቈጠር ፈረስ መሬቱን ይመታል፥ አሽከሮች እባቡን ከጕድጓዱ እየጐተቱ በችኰላ ያወጡታል። በዚያች ሰዓት የሚበላ እባብ ቢገኝ ይገርመኝ ነበር።

ስለዚህ አገዎች ያዩትን ነገር ሐሰት ነው ለማለት አልደፍርም። ጦር ሲቃረብ እባብ ይጠፋል ያሉት የጦሩ ኮቴ ስለሚያንቀጠቅጠው ይሆናል፤ ይህ ግን የራሴ ግምት ነው። እባቡ የነገረው የወደፊቱን ሳይሆን በዚያች ሰዓት የተሰማውን ፍርሀት ነበር።

ዛሬ በውጭ አገር እባብ በቤታቸው የሚያኖሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። ከምዕራብ አፍሪካ የሚወሰድ አንድ ትንሽ ዘንዶ አለ፤ ሲፈራ ልክ ጎታችን ሥር እንደ ተገኘው እባብ ራሱን ሸሽጎ እንደ ኳስ ይጠቀለላል። አሳዳጊዎቹ አዲስ ቤት በገባ ጊዜ ለአንድ ሳምንት ያህል አይነኩትም። የሚደበቅበት ጠባብ ሣጥን ይሰጡታል፤ መሸሸጊያ ያለው እባብ ከሌለው ይልቅ ይረጋል ይላሉ። ጭልፊት የሚመጣበት ከላይ ነውና ከላይ አይዘረጉበትም፤ ከጎኑ ቀስ ብለው ቀርበው መካከሉን በሁለት እጅ ደግፈው ያነሡታል፥ ራሱንም አይጨብጡም። በበላ ማግሥት ከነኩት የበላውን ሊተፋ ይችላል። የጰጥሎሜዎስ አዳኞችና የፋሲል አሽከሮች ያደረጉት የዚህን ሁሉ ተቃራኒ ነው።

ይህን ስጽፍ ታናናሾቼ ሜዳ ወርደው እባብ እንዲይዙ አይደለም። ያ ትንሽ ዘንዶ መርዝ የለውም፤ በአገራችን ግን የሚገድሉ አሉ፥ በጨለማም አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም። የተነደፈ ሰው ሳይሮጥ፥ የተነደፈውን እግር ወይም እጅ ሳያንቀሳቅስ ቶሎ ወደ ሐኪም መወሰድ አለበት፤ መብጣትና መምጠጥ ጕዳቱን ያብሳል።

በዚያ ማታ አባቴ በሩን ከፍቶ ከእኛ ጋር መደብ ላይ ወጣ። ኵራዙን ዝቅ አደረግን፥ ማንም አልተናገረም። ብዙ ቈየ፤ እንጀራ የሚጋገርበት ጊዜ ያህል ይሆናል። ከዚያም እባቡ ራሱን ከጥቅልሉ ውስጥ አወጣ፥ ምላሱን ብልጭ ብልጭ አደረገ፥ ግድግዳውን ተከትሎ ወደ ዝናሙ ወጣ። አያቴ «በሩን ዝጉት፥ ብርድ ገባ» አለች።